ቫሌ እና ቫላ

መጽሐፋችን «ዋሌ» በሉ ይል ነበር። በላቲን የስንብት ቃል ነው፤ ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ እንደማለት። የጥንቶቹ ሮማውያን ያቺን ፊደል የሚያነቧት እንደ «ወ» ነው ብሎ ገና በመጀመሪያው ገጽ አስቀምጦታል። አስተማሪያችን ግን ላቲን የተማሩት በልጅነታቸው መነኮሳት ዘንድ ነበር፤ መነኮሳቱ ደግሞ በቅዳሴያቸው ልማድ «ቫሌ» ነው የሚሉት። ስለዚህ እሳቸው «ቫሌ» አሉ፣ እኛም «ቫሌ» አልን። መጽሐፉን ሰምተን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በአንዲት ፊደል ይህን ያህል ቂም መያዝ የጤና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ይዣለሁ።

ክፍላችን ውስጥ ስድስት ተማሪዎች ብቻ ነበርን። ሌላው ሁሉ አካውንቲንግ ወይም ኮምፒውተር መርጦ ሲሄድ እኛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች፣ መስኮቷ አልገጥም ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀረን። አባቴም አካውንቲንግ እንድወስድ ነበር የፈለገው። በሶዌቶ፣ ክሊፕታውን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት እንደ እኛ አገር የሰፈር ሱቅ ያለች ነገር። ላቲን ልማር ነው ስለው ትክ ብሎ አየኝ።

«የጳጳሱ ቋንቋ አይደለም እንዴ? ልጄ፣ ካቶሊክ ልትሆኚ ነው?»

ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ጴንጤ ነው፤ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ወላጆች በተጠሩበት ቀን ግን አስተማሪያችን እጁን ጨብጠው «የሐኪሞች ቋንቋ ነው» አሉት። በቃ፣ አባቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐኪም አደረገኝ። የእኛ ሰዎች በጅምላ ወደሚሸጡበት ወደ መሀል ከተማው ጀፕ ሄዶ ዕቃ ሲገዛ፣ ታክሲው ላይ ካርቶን እያስጫነ፣ «ልጄ ላቲን ትማራለች» ይላል። ሰዎቹ ላቲን ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እሱም አያውቅም። ግን «ጌታ ይባርካት» ይላሉ፣ እሱም «አሜን» ይላል፣ ካርቶኑ ይጫናል።

ያን ክፍል እወደው ነበር። ይህንን ቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የጠላሁት ያስመስላል። ላቲን ማንም የማይናገረው ቋንቋ ስለሆነ ማንም አነጋገርሽ ያስቃል አይለኝም ነበር። ስድስታችንም እኩል እንግዶች ነበርን። አጠገቤ የምትቀመጠው ከሶዌቶ የምትመላለስ ልጅ ነበረች፤ ቤቷ ውስጥ የሚነገረው ዙሉ ነው። እኔና እሷ አንድ ጨዋታ ፈጠርን፦ የላቲን ቃል ሆኖ በእኛ ቋንቋ ሌላ ትርጉም ያለው ከተገኘ፣ ያገኘችው ተነስታ ለክፍሉ ታሳውቃለች። የመጀመሪያው ድል የእኔ ነበር። «እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል» በላቲን «አሞ፣ አማስ፣ አማት» ነው። ተነስቼ «ይወዳል የሚለው ቃል በአማርኛ የባል እናት ማለት ነው» አልኩ። አስተማሪያችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ክፍል አርፍዶ የገባ ሰው ሁሉ «አማት መጣች» ይባል ነበር። ቃሉን በትክክል ከእኔ እኩል ይሉት ነበር፣ ነጩም ህንዱም።

ከዚያ በወረርሽኙ ምክንያት ሎክዳውን መጣ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፣ ላቲንም ስልክ ውስጥ ገባ።

የምንኖረው ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር ነው፤ ከአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን። አንድ ጠዋት መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ግሴን እደግማለሁ፦ አሞ፣ አሞ፣ አሞ። እናቴ ሊጥ የነካ እጇን ይዛ ሮጣ መጥታ ግንባሬን ያዘችው።

«ማነው ያመመው? አሞሽ ነው? ጉሮሮሽ ላይ ነው?»

«እማዬ፣ እወዳለሁ ማለት ነው።»

«እንደሱ ከሆነ በሌላ ቃል ውደጂ» ብላ ተመለሰች።

ይህን ለክፍሉ ስነግራቸው ማይክሮፎኑ እስኪንጫጫ ሳቁ። ያን ሰሞን በየሰዉ ቤት ሰው ይታመም ነበር፤ ከሳቁት ውስጥ የአንዷ አያት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሳቋ ከሁላችን በልጦ ይሰማ ነበር።

ቤታችን ኢንተርኔት የለም። አባቴ ሱቅ ግን የስልክ ካርድ ሞልቷል፤ ሲያልቅብኝ ከመደርደሪያው አንድ አንስቶ ይሰጠኛል። የምግብ ሱቅ እንዲከፈት ተፈቅዶ ነበር፤ የውጭ ሰው ይክፈት አይክፈት የሚለው ወሬ ጥቂት ቀን ከተለዋወጠ በኋላ አባቴም ፔፐር፣ የፈቃድ ወረቀቱን፣ አግኝቶ ከፈተ። አብሮት የሚሠራው ሰው ወደ አገር ቤት ተመልሶ ስለነበር እኔ በየጠዋቱ አብሬው እሄዳለሁ፤ እየሸጥኩ እማራለሁ። ሱቁ ሙሉ በሙሉ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ገዢው ውጭ፣ እኛ ውስጥ፣ ዳቦው በትንሿ መስኮት ይወጣል። እኔ የዳቦ ሳጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ ስልኬን የዘይት ጠርሙስ ላይ አስደግፋለሁ። «ሁለት ዳቦ!» ብሎ አንድ ገዢ ከውጭ ሲጮህ አምስቱም በየቤታቸው ሆነው ወደ ላቲን ይመልሱታል። ማን ቀደመ ተብሎ ክርክር ይነሳል። አስተማሪያችን ካሜራቸውን አንድም ቀን ሳያስተካክሉ፣ ጣሪያቸውን ብቻ እያሳዩን፣ «የሱቁ ላቲን ከመጽሐፉ ላቲን ይሻላል» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ «ቫላ» መናገር አለብኝ። «ቫላ» በዙሉ ዝጋ ማለት ነው። አባቴ ከዙሉ መጀመሪያ የያዘው ቃል ይሄ ነው፤ ሰላምታውን እንኳ የተማረው ከዚያ በኋላ ነው። የውጭ ሰዎች ሱቅ ይዘረፋል የሚባል ወሬ በተነሳ ቁጥር በየሰፈሩ ያሉ የእኛ ሰዎች በስልክ ይጠራሩ ነበር፤ የሚደውለው ሰው «ቫላ ነው» ይልና ስልኩን ይዘጋል። እንደምን አለህ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ። የሰማው ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። የብረት መዝጊያውን ያወርዳል፣ ጓጉንቸሩን ይቆልፋል፣ መብራት ያጠፋል፣ መሬት ላይ ይተኛል። በሎክዳውኑ መጀመሪያ ደግሞ ፖሊሶች በመኪና እየዞሩ በድምፅ ማጉያ «ቫላ! ቫላ!» ሲሉ ከርመዋል። አባቴ ይህን ቃል በጆሮው ሳይሆን በጉልበቱ ነበር የሚሰማው።

አንድ ቀን ማዳመጫዬ ተበላሽቶ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር የምማረው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳሙና ይደረድራል። ትምህርቱ አለቀና አስተማሪያችን እንደ ልማዳቸው ተሰናበቱን። አምስቱ ተማሪዎች ተደራርበው፣ ኔትወርኩ ድምፃቸውን እየቆራረጠው፣ «ቫሌ! ቫሌ! ቫሌ!» አሉ።

አባቴ ሳሙናውን ጣለው። መዝጊያው ሲወርድ፣ ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል፣ መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። አንገቴን ይዞ ከሩዝ ጆንያው ጀርባ አስተኛኝና በላዬ ላይ ተደፋ። ልቡ ሲመታ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል።

«ድምፅ እንዳታሰሚ» አለኝ። «በየት በኩል ነው የመጡት?»

«አባዬ፣ ትምህርት ነው» አልኩት።

ከላዬ ተነሳ። ከዘይቱ ጠርሙስ ሥር አስተማሪያችን «ምንድን ነው የወደቀው? ደህና ነሽ?» ይላሉ። ተነስቼ፣ ልብሴን አራግፌ፣ አስረዳኋቸው። የሶዌቶዋ ጓደኛዬ «ቫላ» ምን እንደሆነ ለሌሎቹ ተረጎመችላቸው። ከዚያ ሳቁ ተነሳ። እንደዚያ የተሳቀበት ቀን ከዚያ በፊትም በኋላም አላስታውስም። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ደስ አለኝ፤ አባቴ ባንዴ የክፍሉ ሰው ሆነ። እሱም ጉልበቱን እያራገፈ መጣና ስልኩ ላይ አጎንብሶ አያቸው። ሳቀላቸው። እጁ ቁልፉን አልለቀቀም ነበር፣ ግን በካሜራው እጁ አይታይም።

ማታ መንገድ ላይ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው ይሄ የሚሉት ነገር?»

«ደህና ሁን ማለት ነው። ሥሩ ግን በርታ፣ ጤና ይኑርህ ነው።»

«እንግዲያ ያ ፖሊስ በላውድስፒከር ሲጮህብኝ የከረመው ጤና ይስጥልኝ እያለኝ ነዋ።»

«ምን ይታወቃል፣ ላቲን ተምሮ ይሆናል።»

ሮዘተንቪል እስክንደርስ ድረስ ሳቀ። ታክሲው ውስጥ ያሉት ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ያዩት ነበር፣ ጭምብሉ እስኪወርድ ድረስ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ትምህርቱ ሲያልቅ ክፍሉ «ቫሌ» ይላቸዋል፤ ቀጥለው አምስቱም አንድ ላይ «ቫላ፣ አንክል!» ብለው ይጮሃሉ። አባቴ የትም ይሁን ይመጣል፣ ጓጉንቸሩን ስልኩ አጠገብ አምጥቶ ቀጭ ያደርግላቸዋል። ጭብጨባ ነው። አስተማሪያችን ስንት ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ ያለ የትምህርት ማብቂያ ደወል ኖሯቸው እንደማያውቅ ነገሩት። ይህን ደግሞ ጀፕ ወስዶ አወራው። ካርቶን የሚጭኑት ሰዎች ሲለያዩ «ቫሌ» መባባል ጀመሩ፤ የከምባታ ሰው ለወላይታ ሰው በላቲን ቻው ይለው ነበር። እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ ብዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመናገር ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ሰው፣ በሱቃችን ኮራሁ። ሞኝ ነበርኩ አልልም። ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ስለዚያ ዘመን ሰው ሲያወራኝ «የጋራ ሳቅ» የሚባል ነገር ሲነሳ ይደብረኛል። አብረን ስቀናል፣ እውነት ነው፤ ግን የሳቅነው በአንድ ነገር አልነበረም። እነሱ በቃሉ ይስቁ ነበር። አባቴ የሚስቀው ውጭ ማንም ስላልነበረ ነው። ልዩነቱን ያኔ አላየሁትም፣ እነሱ እስካሁን አያዩትም፣ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

ሱቁ የነበረው በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው፤ ጋራዣቸው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላቸዋል፣ በዙሉ አያት ማለት ነው። አባቴ ቀልዱን ለእሳቸውም አስተማራቸው። ጎጎ ጨዋታ ይወዳሉ። ወደ ማታ የታጠበ ልብስ ከገመድ ሊሰበስቡ ሲወጡ፣ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ እንደ ድምፅ ማጉያ ደቅነው፣ ልክ እንደ ፖሊሱ እየጮሁ «ቫላ! ቫላ!» ይሉታል። አባቴ ከውስጥ ቀና ሳይል «ቫሌ፣ ጎጎ!» ይላል። እሳቸው እየሳቁ ይገባሉ፣ እሱ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሲመቸው ይዘጋል። በየቀኑ እንዲህ ነበር። ቀልዱ በደንብ የሚጥመው ድንጋጤው እውነት ሲመስል ስለሆነ፣ ጎጎ ድንጋጤውን እያሳመሩት ሄዱ።

በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ሱቅ ይዘረፋል ተባለ። ሩቅ ነበር። ከዚያ ቀረብ አለ፣ ግን ትልልቆቹ የገበያ አዳራሾች ናቸው እንጂ ትንንሽ ሱቅ አይነኩም ተባለ። እኔን ሳል ይዞኝ ስለነበር እናቴ ከቤት አላስወጣኝም። አባቴ ጠዋት ላይ ደውሎ «ክሊፕታውን ሰላም ነው፣ ሕፃናቱ ኳስ እየተጫወቱ ነው» አለን። መደርደሪያውን ገና መሙላቱ ነበር። የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራያችን፣ ሁሉም ነገራችን ከዚያ መደርደሪያ ነበር የሚወጣው፤ ጥለህ ና ብንለውም እሺ አይልም ነበር። «ቫላ ነው» ብሎ የደወለለትም ሰው አልነበረም።

የሆነውን እሱ አልነገረኝም፣ እስካሁንም አልነገረኝም። የነገሩኝ ጎጎ ናቸው። ነገሩ ከበረደ በኋላ እኔና እናቴ የተረፈ ካለ ልንሰበስብ ሄደን፣ ማድ ቤታቸው ውስጥ አስቀምጠውኝ፣ እጄን ይዘው ነገሩኝ።

«ልብስ ልሰበስብ ወጣሁ» አሉ። «በአጥሩ ላይ ሳይ መንገዱ ጥቁር ሆኗል፣ ሰው ብቻ። ቫላ አልኩት። ቫሌ፣ ጎጎ አለኝ። ቫላ፣ ልጄ፣ እባክህ ቫላ አልኩት። ሳቀ። ዛሬስ በደንብ አድርገሽ ጮኽሽ አለኝ።»

ከዚያ አለቀሱ። «ምንታናሚ» አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ «ሌላ ምን ልለው ነበር? ለመዝጋት ያለን ቃል ያው አንድ ነው።»

ሮጠው በጓሮ በር ጎትተው አስገቡት። አልጋቸው ጀርባ አስቀምጠውት፣ ራሳቸው የቤታቸው ደፍ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ፤ ማንም በእሳቸው አልፎ ሊገባ አልደፈረም። አባቴ ከአልጋው ጀርባ ሆኖ ሱቁ ሲወጣ ሰማ። ዳቦው ወጣ፣ ማቀዝቀዣው ወጣ፣ መደርደሪያው ከግድግዳው ተነቅሎ ወጣ። እየተጠራሩ ነበር የሚጭኑት፤ ድምፃቸውን የሚለየው ደንበኞች ነበሩበት። ይህንንም የነገሩኝ ጎጎ ናቸው። የሰዎቹን ማንነት ግን ስጠይቃቸው ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ጋራዡ ውስጥ የቀረው የብረት ፍርግርጉና ጓጉንቸሩ ነው። ጓጉንቸሩ መንጠቆው ላይ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል፣ ቁልፉ እላዩ ላይ ነው። ማንም አልፈለገውም። እናቴ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ትምህርት ቤቱን ለቀቅኩ። አስተማሪያችን ደውለው ለዳይሬክተሯ እንደሚናገሩልኝ ነገሩኝ፤ ተናግረውም ነበር፣ «በዚህ ወቅት ሁሉም ተቸግሯል» የሚል መልስ መጣ። ሮዘተንቪል አጠገብ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። ጥሩ ነው፣ አላማርርም፤ ላቲን ግን የለም። የድሮ ክፍሌ ልጆች ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጽፉልኝ «ሱቁ ተዘጋ» ብዬ መለስኩላቸው። እንዲያ ነው የሚባለው፤ ንግድ ሲያልቅ ተዘጋ ይባላል። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ያ ሱቅ ሆኖ የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር በጊዜ መዘጋት ነበር። የሶዌቶዋ ጓደኛዬ ብቻ «እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ለብዙ ሳምንታት አልጻፈችልኝም፣ እኔም አልጻፍኩላትም። የተጣላን አይመስለኝም።

አባቴ ጀፕ ውስጥ የሰው ሱቅ ገባ። በፊት ለእሱ ይጫንለት የነበረውን ካርቶን አሁን ለሌሎች ይጭናል። ላቲን ስለምትማር ልጁ አያወራም። «ቫሌ» የሚለውም ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ሰምቷል። ጓጉንቸሩን ከእናቴ ቦርሳ አግኝቶ የክፍላችን በር ላይ በውስጥ በኩል ማያያዣ መታለት። ከውስጥ ጓጉንቸር የሚቆለፍበት መኖሪያ ቤት አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ «እሳት ቢነሳስ?» አለችው። እሱ ቁልፉን አስገብቶ ሞከረው።

ዓመቱ ሲያልቅ አስተማሪያችን ጡረታ ወጡ፣ የላቲኑም ክፍል በእሳቸው አበቃ። ልጆቹ በስልክ የስንብት ዝግጅት አደረጉላቸው፤ እኔንም ጠሩኝ። ልቅር ብዬ ነበር። ግን አስተማሪያችንን እወዳቸዋለሁ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ገባሁ። ካሜራቸው አሁንም ጣሪያቸውን ያሳያል። አንዱ የጻፈውን የላቲን ንግግር አነበበ፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ «አማት መጣች» ብሎ አስቆ አስለቀሰን። እኔም ሳቅኩ። ለጥቂት ደቂቃ ያቺ መስኮቷ የማትገጥም ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

በመጨረሻ ተሰናበቱን። «ቫሌ» አልናቸው። አባቴ ያን ቀን ሥራ አልነበረውም፤ ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ በካሜራው ትከሻው እንደሚታይ አላወቅሁም።

«ኧረ አንክል አለ!» አለ አንዱ። ደስታው ከልቡ ነበር።

እጄ ስልኩን ለመዝጋት አልደረሰም። አራቱ በአንድ ድምፅ፣ እንደ ድሮው፣ በሙሉ ጉሮሯቸው «ቫላ፣ አንክል! ቫላ!» ብለው ጮሁ። የሶዌቶዋ ጓደኛዬ ብቻ አልጮኸችም። ፊቷን በሁለት እጇ ስትሸፍን አየኋት።

አባቴ ተነሳ። በሩን ገፋው፣ ጓጉንቸሩን ከማያያዣው አስገባ፣ ቀጭ አደረገው። መብራቱን አጠፋ። ስልኩ ውስጥ ድምፁን ሰምተውት ያጨበጭባሉ፤ አንዷ «አንክል አልረሳውም! አልረሳውም!» ትላለች።

«መጡ እንዴ?» አለኝ፣ በጨለማው።

«አይ አባዬ፣ ትምህርት ነው» አልኩት።

ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወራት አልፈው ነበር፣ እሱም ያውቃል። ራሱን ነቀነቀ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከሥራ መጥታ ስታንኳኳ ከአገር ቤት ይዘውት በመጡት ቋንቋ ማን እንደሆነች ጠየቃት፤ ሁለት ጊዜ ካስመለሳት በኋላ ነው የከፈተላት።